ዋሱ ማን ነው?

ወዳጆቼ፣ ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና አፍሉና ተቀመጡ፤ ያልተመቸው ነገ ያንብበው።

ባለፈው ሰንበት ማታ ከሚኒሶታ ተደወለልኝ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ነቀምቴ ሳስተምረው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እንቅልፍ የሚጥለው ልጅ ነበር (ስምህን አልጠራም፣ እያነበብክ እየሳቅክ እንደሆነ ግን አውቃለሁ)። አሁን ሚኒያፖሊስ አጠገብ ቤት ሊገዛ ነው። «ቲቸር፣ አንዱ በብሮከር ሂድ ይለኛል፣ ሌላው ደላላ ምን ያደርግልሃል፣ በቀጥታ ባንክ ግባ ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ስለ እምባቦ ጦርነት ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር» አልኩት። ሳቅን። ቀጥሎ የነገረኝ ግን አላሳቀኝም። ታናሽ ወንድሙ እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ በኩል፣ ቤት ጀምሮ ጣሪያ አልብሶ ገንዘብ አልቆበታል። ባንክ ሲጠይቅ «የጀመርከው ቤት ለመያዣ አይበቃም፣ ሌላ መያዣ አምጣ» አሉት። አንድ ደላላ ደግሞ «ባንክ ምን ያንከራትትሃል፣ በሦስት ቀን ውስጥ 500 ሺህ ብር የሚሰጥ ሰው አለኝ» ብሎታል። ወንድማማቾቹ ውቅያኖስ ለይቷቸው በአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ጥያቄ ገጠማቸው ማለት ነው። ታናሹም ማክሰኞ ቤቴ መጣ። ይዞት የመጣውን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የአባቴን ላውጋችሁ።

ያደግኩት ጊምቢ ነው። ጊምቢ ያኔም ዛሬም የቡና ከተማ ነች። ቡና ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚከፍለው፤ ሆድ በየቀኑ ይጠይቃል። በመሀል ያለው ክፍተት የሚሞላው በብድር ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጎረቤታችን ከአንድ ነጋዴ 400 ብር ሲበደር አባቴ ዋስ ሆነ። ዋስ የሆነው ሽማግሌዎች ባሉበት ቆሞ «እኔ አለሁ» ብሎ ነው፤ ወረቀቱ የመጣው በኋላ ነው። ያ ዓመት ቡናው አልሆነለትም፣ ጎረቤታችንም አንድ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ነጋዴው በነጋታው የመጣው ወደ እኛ ቤት ነበር። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ቡና ተፈላለት፣ ጠጣ፣ «እንግዲህ ዋሱ አንተ ነህ» አለ። አባቴም አልተከራከረም።

በሬ ተሸጠ፣ 120 ብር። ቀሪው 280። ለሱ ደግሞ መንገድ ዳር ያለችውን ቤታችንን በወለድ አገድ ሰጠ።

ወለድ አገድ ምን እንደሆነ ለወጣቶቹ ላስረዳ። ቤቱን ወይም መሬቱን ለአበዳሪው ታስረክበዋለህ። እሱ ይኖርበታል ወይም ያከራየዋል። የሚያገኘው ጥቅም ወለዱ ነው። ዋናው ገንዘብ ግን እንዳለ ይቆማል፣ ከኪራዩ አንዲት ሳንቲም አትቀነስልህም። ዋናውን ባንድ ጊዜ ቆጥረህ ስትመልስ ቤትህ ይመለሳል። ነጋዴው ያቺን ቤት ለጠላ ሻጭ በወር 8 ብር አከራያት። በዓመት 96 ብር። በዚያን ጊዜ የነበረው (ዛሬም ያለው) የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይል ነበር። በ280 ብር ላይ ሲታሰብ 33 ብር ከ60 ሳንቲም ማለት ነው። እናስላው፦ በሦስት ዓመት ነጋዴው 288 ብር ሰበሰበ። ካበደረው በላይ አገኘ፣ ዕዳው ግን 280 ሆኖ ቁጭ ብሏል። አባቴ ይህን ስሌት አያውቀውም ነበር እንዳትሉ። በደንብ ያውቀዋል። እኔን ደብተር አስይዞ ያሰላው እሱ ነው።

ልጅ ሆኜ የማይገባኝ ነገር ነበር። አባቴ ያልበላውን ለምን ይከፍላል? ለምን «ሂድና ራሱን ፈልገው» አይልም? ከብዙ ዓመት በኋላ ታሪክ ሳስተምር ነው የገባኝ። በዚያ አገር በአበዳሪና በተበዳሪ መሀል የሚቆም ሰው ሁልጊዜ ነበረ፣ መሀል የቆመውም የራሱን ንብረት ይዞ ነበር የሚቆመው። በአፋን ኦሮሞ «ወቢ» ይባላል፣ በአማርኛም «ዋቢ» የምንለው ቃል አለን። የሁለቱን ዝምድና ለቋንቋ ሰዎች እተዋለሁ። ሥራው ግን አንድ ነው፦ ነገሩ ከተበላሸ የሚጠየቅ ሰው።

ይህ ልማድ ከላይ እስከ ታች ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። የለቃ ነቀምቴን ታሪክ አስቡት። ሞረዳ በከሬ በ1874 ከእምባቦ ጦርነት ጋር ተያይዞ ለምኒልክ ወገን ያለ ጦርነት ገባ፤ ልጁ ኩምሳ ሞረዳ (ከተጠመቀ በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር) ግብሩን በወርቅና በዝሆን ጥርስ ወደ አዲስ አበባ እየላከ አገሩን አስተዳደረ። ነቀምቴ ያለውን የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ቤት የተረፉትን ደብዳቤዎች ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ ሰብስበው አሳትመዋቸዋል። እኔ ኩምሳን ሳስተምር ሁልጊዜ «በቤተ መንግሥቱና በገበሬው መሀል የቆመ ዋስ» እል ነበር። ግብሩ ከጎደለ የሚጠየቀው እሱ ነው። በእርግጥ ዋስ ሆኖ የከበረበትም አለ፤ የከፈለው ማን እንደሆነም ገበሬው ያውቃል። ግን ስሙና ቤቱ የታወቀ ሰው ነበር፤ ሰው ሲበደል በማን ደጅ እንደሚጮህ ያውቅ ነበር።

ባንክስ? ባንክ ወደ ምዕራብ የመጣው ለቤት አይደለም፣ ለቡና ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 አዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ቆይቶ ከከፈታቸው ጥቂት ቅርንጫፎች አንዱ ጎሬ ነበር፣ ጋምቤላም ወኪል ነበረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የምዕራቡ ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ደህና ነጋዴ ከሆንክ ባንክ ያውቅሃል። ቤት ልሥራ ያለ አናጢ ወይም ሸማኔ ግን ባንክ ምኑ ነው? እሱ የሚያውቀው ጎረቤቱን፣ ዕቁቡን፣ ደቦውን ነው። እንጨቱ ከባሕር ዛፍ፣ ጭቃው ከደጅ፣ ጉልበቱ ከሰፈር። ገንዘብ የሚያስፈልገው ለቆርቆሮውና ለምስማሩ ብቻ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ዕቁብ አለ። ዕቁቡም ቢሆን አስቀድሞ የሚወስደውን ዋስ አምጣ ይለዋል!

በ1952 የወጡት የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች ይህን ሁሉ በአንቀጽ አሰፈሩት። ሳነብ የገረመኝ፣ ሕጉ ዋሱንም ደላላውንም በየስማቸው ያውቃቸዋል። ደላላው በዚያ የንግድ ሕግ ከአንቀጽ 56 ጀምሮ ይገኝ ነበር፦ ሥራዬ ብሎ፣ በራሱ፣ ለጥቅም ሲል ውል የሚዋዋሉ ሰዎችን የሚያገናኝ። ያገናኛል፣ ዋጋውን ይቀበላል። ዋሱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ነው፦ ባለዕዳው ካልከፈለ ከፋዩ እሱ ነው። ስለዚህ ሕጉ ሌላ ነገር ጨመረ፤ ዋስ የሆነበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በግልጽ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። አባቴ ይህን ቢያውቅ ኖሮ! ወለድ አገድም ከአንቀጽ 3117 ጀምሮ ቦታ አግኝቷል። መያዣ የሚባለው፣ ዛሬ ሞርጌጅ የምንለው፣ ከአንቀጽ 3041 ይጀምራል። የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው። በመያዣ ቤቱ ውስጥ የምትኖረው አንተው ነህ፤ አበዳሪው የያዘው መብቱን ነው። በወለድ አገድ ውስጡ የሚቀመጠው አበዳሪው ነው። በመያዣ ደግሞ አበዳሪው ዕዳው ባይከፈል ቤቱን ዝም ብሎ የራሱ እንዲያደርግ መስማማት አይቻልም፣ ሕጉ እንዲህ ያለውን ስምምነት ዋጋ አይሰጠውም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ለቤት ብቻ የሚያበድር ተቋምም በ1950ዎቹ ተፈጠረ፣ አዲስ አበባ ላይ። አንዱ የቁጠባና የቤት ባለቤትነት ማኅበር ነበር፣ ሌላው የቁጠባና የሞርጌጅ ኮርፖሬሽን። ቋሚ ደመወዝ ላለው ለአዲስ አበባ ሰው የተሠሩ ነበሩ። ጊምቢ ሆኖ እነሱን የሚያውቅ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

ከዚያ 1967 መጣ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፦ መሬት በሽያጭም፣ በውርስም፣ በመያዣም፣ በወለድ አገድም አይተላለፍም። ጭሰኛው ለባለ መሬቱ ካለበት ኪራይና ዕዳ ነፃ ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47። በጥቂት ወራት ውስጥ በወለድ አገድ የኖረ ዓለም ፈረሰ። ጊምቢ ላይ ሰው ይጨፍር ነበር፣ እኔም ጨፍሬያለሁ፣ አልዋሽም።

እኛ ቤት ግን ጭፈራው ግማሽ ነበር። መንገድ ዳር ያለችው ቤታችን የተከራየች ቤት ነበረች አይደል? ስለዚህ ትርፍ ቤት ሆና ቀበሌ ወሰዳት። የነጋዴው 280 ብር ጠፋ፣ ቤቷም ጠፋች። ዕዳውና መያዣው አብረው ሄዱ። አባቴ ምን አለ መሰላችሁ? ምንም። ያቺን ቤት እያለፈ ሲሄድ ዓይኑ አይዞርም ነበር። ከዚያም በኋላ በሰፈር ውል ሲኖር መጀመሪያ የሚጠራው ምስክር እሱ ነበር።

«ብድር በምድር» ሲባል ስሰማ እኔ የማስበው ያቺን ቤት ነው። ተረቱ ስለ ውለታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የኛ ግን ቃል በቃል ነበር።

ከ1967 በኋላ የቤት ብድር መንገዱ አንድ ብቻ ሆነ። ቀድሞ የነበሩት ሁለቱ ተቋማት ተዋህደው በ1968 የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ካፒታሉ 6 ሚሊዮን ብር ነበር። አበዳሪው መንግሥት፣ መሬቱ የመንግሥት፣ ደላላው ደግሞ የሕዝብ ጠላት! በጋዜጣና በስብሰባ ደላላ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ቀረ። የቤት ሥራ ማኅበር ስታቋቁም ወለዱ ዝቅ ይላል፣ ቦታም ይሰጥሃል። እኛም መምህራን ሆነን ተደራጀን፤ እኔ ዛሬ የምኖርበት ቤት የዚያ ውጤት ነው። ክፍያው ከደመወዛችን በየወሩ ይቆረጥ ነበር፣ ገና ሳናየው። ከቢሮ ቢሮ ብዙ ተመላልሰናል፤ ሲሚንቶ በኩፖን ነበር፣ ቆርቆሮ በወረፋ። ግን ልብ በሉ፣ እዚያም ዋስ ነበረ። የማኅበሩ አባላት አንዳችን ለአንዳችን ነበርን። አንዱ ባልደረባችን ሲታመም ስድስት ወር ያህል የሱን ድርሻ እየተዋጣን ከፍለንለታል። ያንን ዘመን ወድጄው አይደለም (የምታውቁኝ ታውቃላችሁ)፣ የቤት ብድሩን ብቻ ሳስበው ግን መጥፎ ነበር ማለት አልችልም። ትልቁ ጉድለቱ ዕድሉ የደረሰው ለጥቂቶች መሆኑ ነው። የወር ደመወዝ የሌለው ነጋዴ፣ ሴተኛ አዳሪ፣ የቀን ሠራተኛ የት ይግባ?

ከ1983 በኋላ ነገሩ ሁሉ ተከፈተ። የቤቶችና ቁጠባ ባንክ በ1980ዎቹ አጋማሽ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፣ በ2008 ደግሞ ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። አዋሽ በ1987 መጣ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ በ1997 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ነቀምቴ ዋና መንገድ ላይ ብትሄዱ ከቡና ቤት ያላነሰ ባንክ ታያላችሁ። በ1989 የተቋቋመው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ካርታ ለሌለው ሰው በቡድን ዋስትና ማበደር ጀመረ፦ አምስት፣ ስድስት ሰው ሆነህ አንዱ ካልከፈለ ሌላው ይከፍላል። ይኸው የአባቴ ወቢ ፎርም ለብሶ ተመለሰ! ያ ተቋም በ2013 ሲንቄ ባንክ ሆኗል። ለቤት ብድር የቆመው ጎህ ቤቶች ባንክም በ2014 አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል።

ታዲያ ባንኩ ይህን ያህል ከበዛ ደላላው ለምን አልጠፋም? ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አሰላስዬዋለሁ። መልሱ ያለው ከመሬቱ ላይ ይመስለኛል። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ለመያዣ የምታቀርበው የሠራኸውን ቤት ነው። የሊዝ ቦታ ከሆነ ደግሞ አዋጅ 721/2004 መያዣ ማድረግ የምትችለው እስከከፈልከው የሊዝ ገንዘብ ድረስ ነው ይላል። እንግዲህ ቤት ለመሥራት ነው የምትበደረው፣ ለመበደር ደግሞ የተሠራ ቤት ያስፈልግሃል። ካርታ፣ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ፣ የባንኩ ኢንጂነር ግምት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የባልና ሚስት ፊርማ፣ ኢንሹራንስ። ኢንጂነሩ የሚገምተው ደግሞ ገበያው ከሚያወራው በታች ነው። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር እድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ ወረፋው ይበልጥ ረዘመ። ደላላው የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ይላል።

ሁሉንም ደላላ አንድ ላይ መደብደብ አልፈልግም። ነቀምቴ ውስጥ ሻጭና ገዥ በሐቅ አገናኝቶ፣ ካርታውን አጣርቶ፣ ሁለት በመቶውን ተቀብሎ የሚሄድ፣ በልጆቹ ፊት የሚኮራ ደላላ አውቃለሁ። እሱ ሥራ ሠርቷል። የማወራው ስለሌላው ነው፤ ብድር ይዞ ስለሚዞረው። እኛ አገር የቤት ብድር ደላላ የሚባል የተመዘገበ ሙያ የለም፣ ስለዚህ ይህ ሰው ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንደኛው በባንክ በኩል «ጉዳይ አስፈጻሚ» ነኝ ባይ ነው። ወረቀትህን ይዞ ይሮጣል፣ «ውስጥ ሰው አለኝ» ይላል፣ ገንዘብህን ይቀበላል። ብድሩ ቢፈቀድ በሱ ጉልበት ነው፣ ባይፈቀድ ባንኩ ከለከለ። ሁለተኛው አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይወስድሃል።

የአራጣውን አሠራር በዓይኔ አይቻለሁ። ባልደረባዬ የነበረ ሰው ነው፣ ሌላ ከተማ ነበር የሚያስተምረው። ልጁ ታሞበት ደላላ ወሰደው። ወለዱ በወር ከመቶ አሥር። እንደዚያ ያለው ወለድ በውል ላይ አይጻፍም፤ የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 አራጣን ወንጀል ያደርገዋልና። ታዲያ ምን ይጻፋል? የቤት ሽያጭ ውል። «ለመተማመኛ ነው» ተባለ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይኸው ነው፦ ሕጉ አበዳሪው መያዣውን እንዲሁ እንዳይወርስ ከልክሏል፣ ስለዚህ ብድሩን ከነጭራሹ ሽያጭ ያስመስሉታል። ባንክ እንኳ በአዋጅ 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን ቢሸጥ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በሐራጅ፣ ከዕዳው የተረፈውን መልሶ ነው። በሽያጭ ውል ግን ማስጠንቀቂያ የለ፣ ሐራጅ የለ፣ ትራፊ የለ። ባልደረባዬ ቤቱን ለቆ ሲወጣ ደላላውን ፍለጋ ሄድን። አገኘነው፣ አልተደበቀም። «እኔ ያገናኘሁት ብቻ ነኝ» አለን። እውነቱን ነው። በሕግም፣ በልማድም፣ በእሱ ሂሳብም የሱ ሥራ ያለቀው የተፈራረሙ ዕለት ነው። እዚያ ቆሜ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴም «ያገናኘሁት ብቻ ነኝ» ማለት ይችል ነበር።

አሁን ወደ ሚኒሶታው ልጅ። ከደወለልኝ በኋላ የማያቸውን ልጆች እያስቸገርኩ አነበብኩ። አሜሪካኖቹም ይህን በከባድ ዋጋ ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. ከ2008 ቀውስ በፊት የቤት ብድር ብሮከር ለተበዳሪው ከሚገባው በላይ ወለድ ያለው ብድር ካስፈረመው አበዳሪው ለብሮከሩ ጉርሻ ይከፍለው ነበር። ተበዳሪው የኔ ሰው ነው ብሎ የያዘው ብሮከር፣ ወለዱ በጨመረ ቁጥር ይጠቀም ነበር ማለት ነው። በኋላ ሕግ ወጣ፦ የብሮከሩ ክፍያ በወለዱ መጠን ላይ ሊመሠረት አይችልም፤ ለአንድ ብድር ከተበዳሪውም ከአበዳሪውም አይቀበልም፤ ፈቃድና መለያ ቁጥር ይኑረው። አመልካቹ ደግሞ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ወለዱንና ወጪውን ሁሉ የሚዘረዝር ወረቀት ይሰጠዋል። አውስትራሊያ ውስጥም የባንኮች ምርመራ ኮሚሽን «ለብሮከሩ አበዳሪው መክፈሉ ይቅር» ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ እሱ አልሆነም፣ ግን ከ2021 ጀምሮ ብሮከሩ የተበዳሪውን ጥቅም የማስቀደም የሕግ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ለልጁ መልሼ ደወልኩለትና እንዲህ አልኩት፦ ከብሮከሩም ከባንኩም ያንን ወረቀት ተቀበል፣ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፣ ለብሮከሩ ማን ስንት እንደሚከፍለው ጠይቀው። ባንኩ የራሱን ብድር ብቻ ነው የሚያሳይህ፣ ብሮከሩ የብዙዎችን ሊያሳይህ ይችላል፤ እዚያ አገር ደህና ብሮከር መያዝ ሊጠቅም ይችላል፣ ቢያጠፋ ፈቃዱን የሚያጣው ነገር አለውና። «ቲቸር፣ ይህን በትምህርት ቤት ቢያስተምሩን ኖሮ አልተኛም ነበር» አለኝ። ባለጌ።

ወደ ታናሹ ልመለስ። ማክሰኞ የመጣው ለምን እንደሆነ አሁን ትገምታላችሁ። የደላላው 500 ሺህ በወር ከመቶ አሥር ነው፤ በወር 50 ሺህ ብር ወለድ ብቻ፣ በአሥር ወር ያበደሩትን ያህል። እንደተለመደው «ለመተማመኛ» የሽያጭ ውል። ይህንን እንዲተው ለማሳመን ብዙ አልፈጀብኝም፣ ልጁ ሂሳብ ያውቃል። የቀረው ባንክ ነው። ባንኩ ሌላ መያዣ ይላል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቡናውን ሲያማስል ቆየና «ቲቸር፣ የእርስዎ ቤት ካርታ ቢሆንልኝ» አለ።

በዚያች ሰዓት ያ ሁሉ ታሪክ ወደ ሳሎኔ ገባ። ይህች ቤት በማኅበር የሠራናት፣ ከደመወዜ እየተቆረጠ የከፈልኳት ናት። ልጆቼ ያደጉባት። አባቴ የዛሬ ስንት ዓመት የቆመበት ቦታ ላይ እኔ ተራዬ ደረሰ ማለት ነው። ወዲያው እሺ አላልኩትም፣ እምቢም አላልኩትም።

ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ወጣች። እሷ ካልፈረመች ባንኩ አይቀበልም፣ ይህን ልጁም ያውቃል። ሦስት ነገር ጠየቀችው። የሚኒሶታው ወንድምህ በየወሩ የሚልከው በማን ስም ነው? ውሉ ላይ የምንያዝበት ብር ልኩ በቁጥርና በፊደል ተጽፏል ወይስ ባዶ ነው? አንተ ብትታመም፣ ሥራ ብትለቅ፣ ማነው ቀድሞ የሚነግረን፣ ባንኩ ነው አንተ? የመጀመሪያውን መለሰ። ሁለተኛውን አላየሁትም አለ። ሦስተኛውን ሲሰማ ዝም አለ፤ ትንሽ ቆይቶ «እኔ እነግራችኋለሁ፣ አባቴ ይሙት» አለ። አባቱ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሦስታችንም ሳቅን።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን አብረን ባንክ ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ካርታውን ከሣጥን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አድርጌዋለሁ። ባለቤቴ ግን ረቂቅ ውሉን ራሷ ሳታነብ እስክሪብቶ እንደማትነካ ነግራናለች፣ መነጽሯንም ከአሁኑ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች።